የእናታቸው መቋጫ

«ለእህትህ ደውልላት። ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ በላት» የሚለውን ድምፅ ጠመኔ የሰማችው ፍራሿን እየጠቀለለች ሳለ ነው። ድምፁ የታላቅ እህቷ ነው። የመጣው ከመኝታ ቤቱ ነው፤ በመኝታ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፖንሳቶ ስለሆነ እዚያ ቤት ውስጥ ሚስጥር የሚባል ነገር ውሎ አያድርም። «ቦታ ተገኘ እንዴ?» አለ ባልየው እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «ዛሬ ይገኛል» አለች እህቷ። «ያቺ ደንቆሮ ሁለት ካርድ ተመልሶባታል። ዛሬ ሦስተኛው ይመለስባታል፤ ከዚያ ደህና ሁኚ ነው።» ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ደንቆሮ የተባለችው ሴት ገና ከቤቷ አልወጣችም፣ አንድም ኮሌታ አልሰፋችም። ጠመኔ የፍራሹን ገመድ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ያልተሰፋ ኮሌታ እንዴት ሆኖ ከወዲሁ እንደሚበላሽ ማሰብ አልፈለገችም፤ ማሰብ ያልፈለገችው ደግሞ ስለምታውቀው ነው።

ጠመኔ የሚሏት በሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ የተሰፋውን ሁሉ የምትፈትሽ፣ ጉድለት ያገኘችበትን በጠመኔ የምታሰምር ስለሆነች ነው። እዚያ ከሚወጡት ስሞች አንጻር ዕድለኛ ናት። ትዳሯ ከፈረሰ ጀምሮ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ የምትኖረው በእህቷ ሳሎን ነው። የምትተኛው ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ፣ የምትነሳው ደግሞ የእህቷ ባል ሶፋው ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ከማጥለቁ በፊት ነው። ፍራሹ ቀን ቀን ከሶፋው ጀርባ ተጠቅሎ ይቆማል። ስኳሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እህቷ አንገት ላይ። እውነት ለመናገር ማንም ውጪልን ብሏት አያውቅም። የቤት ኪራይ ስንት እንደገባ ግን በየሳምንቱ ይነገራታል። መጸዳጃው የጋራ የሆነች አንዲት ክፍል የደሞዟን ከአራት እጅ ሦስቱን እንደምትውጥ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ባልየው ጋዜጣ እያነበበ የሚነግራት ለወሬ ያህል ነው።

ቁርስ ላይ እህቷ አስመስላ አሳየቻቸው። ይህ ተሰጥኦዋ ነው፤ ማንንም ትመስላለች። ዳቦዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ አንገቷን ሰገግ አደረገች፣ ዓይኗን በባሏ ከንፈር ላይ ተክላ አፏን በጥቂቱ ከፈተችና ከልክ በላይ በጮኸ ድምፅ «እ? ምን አሉ? እ?» አለች። ባልየው ሻዩ ትን አለው። ትንሿ ልጃቸው ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ጠመኔም ሳቀች። ማንም አላስገደዳትም፤ ሴትዮዋ ራሷ መጥታ የቆመች እስኪመስል ድረስ ስለተዋጣላት ሳቁ ራሱን ችሎ ወጣ። ከዚያ የተረፈ ዳቦዋን ለልጅቷ ሰጥታ ተነሳች።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እህቷ ስለ ዘይት ዋጋ አወራች፣ ስለ ቲማቲም አወራች፣ ጎረቤት በዚያ ሁሉ ገንዘብ የገዛችው መጋረጃ ሁለቴ ሲታጠብ ቀለሙን እንደለቀቀ አወራች። ጠመኔ «እህ» እያለች በመስኮቱ ታያለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለ ዕቃ ብቻ ነው። ሊደርሱ ሁለት ፌርማታ ሲቀራቸው እህቷ ድምጿን ሳትቀይር፣ ስለ ቲማቲሙ እንዳወራችው ሁሉ፣ «ከምሳ በኋላ አንድ እስር ኮሌታ ይደርስሻል» አለች። «ጠመኔሽን አትሰስቺበት።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የሷ ካልሆነስ?»

«አንቺ የሚታይሽን አስምሪ። የማን ነው ብሎ መመራመር የኔ ሥራ ነው።» ቦርሳዋን ከጭኗ አነሳች፣ የሚወርድ ሰው አሳለፈች፣ መልሳ ተቀመጠች። «የባሌ እህት ስትመጣ ሳሎን ላይ ሁለት ፍራሽ አይዘረጋም። አንዳችሁ ከልጅቷ ጋር ትተኛላችሁ፣ አንዳችሁ ሌላ ቦታ ትፈልጋላችሁ። ማን እንደምትቀር ገና አልወሰንኩም።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው፤ አሥራ አራት ማሽን ተደርድሮበታል። በአንደኛው ጫፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይገባል፣ በሌላኛው ጫፍ ሸሚዝ ይወጣል። አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ መጨረሻ ላይ ቁልፍ የሚተክለው ሰውዬ ማሽኑን እንደ መዶሻ ያንኳኳል። ከዚያ የጠመኔ ጠረጴዛ፣ አጠገቧ ደግሞ እማማ ካውያ፣ ሃያ ዓመት በእንፋሎት ውስጥ የኖረች፣ ፊቷ የማይፈታ አሮጊት። የመስመሩ አለቃ የጠመኔ እህት ናት። አሥራ አራቱ ማሽኖች ባንድ ላይ ሲሠሩ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ያስቀመጠ ሰው ሻዩ ሲጨፍር ያያል።

ኮሌታ ሰፊዋ በመሃል ነው የምትቀመጠው። ጆሮዋን የወሰደው ከዚህ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት የሽመና ማሽኖች አዳራሽ ነው፤ ጆሮዋን እዚያ ትታ ወጣች፣ ካሳ የሚባል ነገር አልተሰጣትም። ስም አላት፣ ግን ማንም አይጠራበትም። ቁልፍ ተካዩ «ሄሎ» ብሎ አወጣላት፣ ስሙም ተጣበቀ። ጠዋት ስትገባ ከበሩ እስከ ወንበሯ ድረስ ሰው ሁሉ አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ይደግናል። አታይም ማለት አይቻልም፤ የደከመው ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ አይደለም። አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። የእረፍት ደወል ሲደወል አይሰማትምና የሚነግራት ከሌለ ብቻዋን ስትሰፋ ትቀራለች፤ ጠረጴዛው መንቀጥቀጡን ሲያቆም በመዳፏ ነው የምታውቀው። ያን ጊዜ ቀና ብላ ባዶ ወንበሮች ታያለች። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን «ምንም» የሚለው ቃል ነው። ሰው ሲስቅ «ምን አሉ?» ትላለች፣ «ምንም» ይሏታል። አለቃዋ ስትጮህ «ምን አለች?» ትላለች፣ «ምንም»። ጠመኔም ለሁለት ዓመት ያህል «ምንም» ስትላት ኖራለች።

ያውም ጠመኔ። እዚህ በገባች በመጀመሪያው ቀን ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብታ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ስታለቅስ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልቅሶውን ሊሰማ የማይችል ሰው፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቷል። ኮሌታ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ የሚመጣውን ሁሉ በዚያ ጩኸቷ «መቆለፊያው ተሰብሯል፣ እየጠገንኩ ነው» እያለች ሩብ ሰዓት ያህል መለሰችላት። ስለዚያ ቀን አንስታባት አታውቅም።

እስሩ ከምሳ በኋላ መጣ፣ እንደተባለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ እስር አሥራ ሁለት ኮሌታ አለው፣ የሰፊዋ ቁጥር ያለበት ካርድም ታስሮበታል። ከአራት በላይ ጉድለት ከተገኘ ጠመኔ ካርዱ ላይ ፈርማ ትመልሳለች። በአንድ ወር ሦስት ካርድ የተመለሰባት ሰው ሥራዋን ታጣለች፣ የሚጠይቃትም የለም። ጠመኔ እስሩን ፈታች። ሰባቱ ኮሌታዎች ልቅም ያሉ ናቸው፤ አምስቱ ግን ጫፋቸው ተጣሟል፣ ስፌታቸው እንደ ሰካራም ይወላገዳል። አንዱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ሌሎች ሰፊዎች ስፌቱ ሲያልቅ ማሽኑን ሦስት ነጥብ ወደ ኋላ መልሰው ክሩን ይቆርጡታል። የእነሱ እናት ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በማሽን መመለስ አታምንም ነበር። ክሩን ወደ ጀርባ ስባ፣ በጣቷ ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ በጥፍሯ ጠበቅ አድርጋ ነው የምትቆርጠው። ለሁለቱ ልጆቿ ያንኑ አስተማረች፤ ሳትቋጥር የቆረጠች ልጅ መዳፏ በማስመሪያ ይሞቅ ነበር። አምስቱም ጠማማ ኮሌታዎች ጀርባቸው ላይ ያቺ ትንሽ ቋጠሮ አለች። እህቷ በምሳ ሰዓት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብላ ስፌቱን ሆን ብላ ስታጣምም፣ መጨረሻው ላይ እጇ ሳታዘው ቋጥሯል።

ጠመኔ ይህን ስታይ አልደነገጠችም። ቋጠሮዋን በመጀመሪያው እስር ላይም፣ በሁለተኛው ላይም አይታታለች። አይታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ፈርማለች። ሌሊት ፍራሿ ላይ ተጋድማ ተሳስቼ ይሆናል እያለች ራሷን ስትሸነግል ነው የከረመችው። አሁን የእናቷ ቋጠሮ መዳፏ ላይ ተቀምጣ ስታያት አፈረች።

«ምን አገኘሽ?» አለች እማማ ካውያ።

«ምንም» አለች ጠመኔ።

የአዳራሹ ኃላፊ የስንብት ወረቀት ይዞ ሲመጣ እህቷ ከኋላው ነበረች። ወፍራም፣ ሁልጊዜ ቀጠሮ ያለበት የሚመስል ሰው ነው። ካርዱን አየ፣ አምስቱን ኮሌታ በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገ፣ «ለሴትዮዋ ይህ ሦስተኛዋ ነው አይደል?» አለ። «ጥሯት።» እህቷ ወደ ጠረጴዛው ዞራ ጣቶቿን ጆሮዋ ላይ ደገነችና «ሄሎ፣ ሄሎ፣ መስመሩ ተቋርጧል መሰለኝ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮሌታ ሰፊዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰፋለች፤ አልሰማችም፣ አልዞረችም። ኃላፊውም ፈገግ አለ። «ግድ የለም፣ መጀመሪያ ፈርሚ» ብሎ እርሳሱን ለጠመኔ ሰጣት።

ጠመኔ እርሳሱን ተቀበለች። ፍራሿን አሰበች፣ ስኳሩን አሰበች፣ የአንዲት ክፍል ኪራይ አሰበች። ከዚያ እርሳሱን ካርዱ ላይ አስቀምጣ «የሷ ስፌት አይደለም» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነው የወጣው።

«ቁጥሯ አለበት እኮ» አለ ኃላፊው።

ጠመኔ ለናሙና ወደተቀመጠችው ትርፍ ማሽን ሄዳ ተቀመጠች፣ አንድ ኮሌታ አስገባች፣ ሰፋች። እጇ ዝጓል፣ ግን አልረሳም። ጫፉ ላይ ስትደርስ ክሩን ወደ ጀርባ ስባ ሁለት ጊዜ ቋጠረች፣ በጥፍሯ አጠበቀች፣ ቆረጠች። አምጥታ ከአምስቱ ጎን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ቋጠሮውን ይዩት» አለች።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ። «ታዲያ አንቺ ነሽ የሰፋሽው?»

«እኔ ማሽን ላይ ተቀምጬ ከሠራሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ የምንቋጥር ሁለት ነን። ያስተማረችን አንዲት እናት ናት።» ወደ ካርዱ ጠቆመች። «ያለፉት ሁለት እስሮችም እንዲሁ ነበሩ። አውቄ ነው የፈረምኩት።»

እህቷ ሳቀች፤ የሚከተላት ግን አላገኘችም። «አብዳለች» አለች። ከዚያ ወደ ጠመኔ ጠጋ ብላ፣ ለሷ ብቻ የተናገረች መስሏት፣ «ሳሎኔ ላይ እየተኛሽ?» አለች። አቅራቢያው ያለ ሁሉ ሰማት። እማማ ካውያ ካውያዋን በእግሩ አቆመች፣ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፣ ኮሌታዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «ይህቺን ቋጠሮ አውቃታለሁ» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «አለቃ ከመሆንሽ በፊት ካውያዬን እየያዘች ስታስመርረኝ ኖራለች። እኔም ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ምን አገባኝ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ ቆሞ የተሰማው የቁልፍ ተካዩ ማሽን ነው። እሱ ለምን እንዳቆመ ዛሬም ድረስ ይከራከሩበታል፤ ክር አልቆበት ነው የሚሉም አሉ። ቀጥሎ የእጅጌዋ ቆመ። ቀጥሎ የኪሷ። ማንም ማንንም አላዘዘም፣ አንዳንዶቹም ጎረቤታቸው ስላቆመ ብቻ ነው ያቆሙት፤ ሆኖም አንድ በአንድ፣ ከዳር ወደ መሃል እየመጣ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። በመጨረሻ የሚሠራው ያንድ ሰው ማሽን ብቻ ሆነ። ኮሌታ ሰፊዋ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አይንቀጠቀጥም። ማሽኗን አቆመች፣ ክዳኑን አለበሰችው፣ ከወንበሯ ሥር የሻይ ኩባያዋን አወጣች፣ ተነስታ ዞረች። ሰው ሁሉ ቦታው ላይ ተቀምጦ ያያታል።

«እረፍት ነው?» አለች በዚያ ጮክ ባለ ድምጿ።

የሳቀ የለም። ከጎኗ ያለችው እጅጌ ገጣሚ «ምን…» ብላ ጀመረች፣ ልማድ ሆኖባት «ምንም» ልትል ነው። «ንገሪያት» አለች እማማ ካውያ ከወዲያ ጫፍ፤ ድምጿ ቁጣ ነበር። እጅጌ ገጣሚዋ ደንግጣ ወደ ኮሌታ ሰፊዋ ዞረች፣ ከንፈሯን ከፈት ከፈት እያደረገች፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ኮሌታዎቹ፣ ስለ ቋጠሮው፣ ስለ ካርዱ፣ ጠመኔ ስለምትተኛበት ሳሎን። ስለ ስልኩም ነገረቻት፣ «ሄሎ» ሲሏት ምን እያሉ እንደሆነ፤ እዚህ ጋ ስትደርስ ፊቷን ወደ ጨርቁ አዞረችው። «እሱንስ አውቀዋለሁ» አለች ኮሌታ ሰፊዋ። «ወደኔ ዙሪ፣ አላየሁሽም።»

ኃላፊው በሰዓቱና በቆሙት ማሽኖች መካከል ተጨነቀ። «የቤተሰብ ጣጣችሁን ሥራ ቦታ አታምጡብኝ» አለ። «ማሽን ቀጥሉ።» ማንም አልቀጠለም። ካርዱን አነሳ፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ቢሮ» አለ፣ ለጠመኔና ለእህቷ። ለኮሌታ ሰፊዋ ግን አንድም ቃል አላላትም፤ ይቅርታ እንዲህ ካለው ሰው የሚጠብቅ አልነበረም። እሱ ከወጣ በኋላ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ተነሱ። እህቷ እስከ መውጫ ሰዓት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወደ ውጭ አየች፣ ጠመኔም የሚመጣላትን እየፈተሸች አንገቷን አላነሳችም።

ማታ እህቷ በአውቶቡስ አልመጣችም፤ ቀድማ በታክሲ ሄዳለች። ጠመኔ ፌርማታዋ ላይ ስትወርድ ኮሌታ ሰፊዋ አብራት ወረደች። ቤቷ ከዚያ አራት ፌርማታ ይርቃል። «ምነው?» አለቻት ጠመኔ፣ ፊት ለፊቷ ቆማ።

«ፍራሽ ለአንድ ሰው መሸከም አይመችም» አለች ሴትዮዋ። «ክፍሌ ጠባብ ናት። ጠረጴዛውን ካቆምነው ግን ይበቃል።»

ፍራሹ እንደፈራችው ውጭ ነበር፤ ተጠቅሎ፣ በገመዱ ታስሮ፣ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ላዩ ላይ ልብሷ በፌስታል ተቋጥሯል። ማን እንደቋጠረው ቋጠሮው ይናገራል፤ ሁለት ጊዜ፣ ጠበቅ ተደርጎ። ጠመኔ በሩን ልታንኳኳ እጇን አነሳችና መለሰችው። መብራቱ በርቷል፣ መስኮቱ ገርበብ ብሏል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ራታቸው ላይ ናቸው። እህቷ ተነስታለች፤ ጥላዋ መጋረጃው ላይ ይታያል። ትከሻዋን አጥብባ፣ አገጯን አንገቷ ውስጥ ቀብራ፣ በቀጠነ፣ ሊያለቅስ በደረሰ ድምፅ «የሷ ስፌት አይደለም። ቋጠሮውን ይዩት» ትላለች። ፍጹም ጠመኔን ነው የመሰለችው። ቆም አለች፣ ሳቁን እየጠበቀች። ሳህኑ መንኳኳቱን አቆመ። ደገመችው፣ አሁን ጮክ ብላ፣ «ቋጠሮውን ይዩት።» ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ «እማዬ፣ አክስቴ የት ሄደች?» አለች።

ኮሌታ ሰፊዋ የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዛ ወደ መስኮቱ ታያለች፣ የጥላውን እንቅስቃሴ፣ የጠመኔን ፊት። «ምን አሉ?» አለች።

«ምንም» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች፣ ለሁለት ዓመት ያቺኑ ብቻ ነበር ስትመልስላት የኖረችው። ጠመኔ ዋጠቻት። የመስኮቱ ብርሃን ከንፈሯ ላይ እንዲያርፍ ዞር አለች።

«እህቴ እኔን እያስመሰለች ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ትችላለች?»

«በጣም። እኔ ራሴ የቆምኩ ነው የሚመስለው።» ፍራሹን በወዲህ ጫፉ አነሳች። «ግን ማንም አልሳቀም።»